ከኋላ የመታ ጥፋተኛ ነው፤ ግን ምን አይቶ ይቁም?

ሰሞኑን ከሥራ ስትመለሱ፣ ዓይን መያዝ ሲጀምር፣ ከፊታችሁ ያሉትን መኪኖች ጀርባ ልብ ብላችሁ እዩ። ድሮ ሁሉም ቀይ ነበር። አሁን በመካከላቸው የቡና አተላ የመሰለ፣ አንዳንዱም ጨርሶ እንደ ከሰል የጠቆረ የኋላ መብራት ያለው መኪና አይጠፋም። አምፖሉ ተቃጥሎ አይደለም። ባለቤቱ ከፍሎ ያስጠቆረው ነው። «ስሞክ» ይሉታል፤ «መብራቱን ስሞክ አስደረግኩት» ሲባል ትሰማላችሁ።

ሥራው ቀላል ነው። ጀርባው ሙጫ የሆነ ጥቁር ወይም ግራጫ ስስ ፕላስቲክ በልክ ይቆረጣል፣ የሳሙና ውሃ ይረጫል፣ በሙቅ አየር እየለሰለሰ በመብራቱ ጉብታ ላይ ይለጠጣል፣ ትርፉ በምላጭ ይከረከማል። ቡና ጠጥታችሁ እስክትመለሱ ያልቃል። ከዚህም የሚረክሰው ደግሞ የሚረጭ ቀለም ነው፤ እሱን ማንም ግቢው ውስጥ ያደርገዋል፣ ውፍረቱን የሚለካ የለም።

በእኛ አገር ስለ መኪና ጥቁር ፊልም ሲነሳ ወሬው ሁሉ የመስኮቱ ነው። ውስጥ ማን እንዳለ አይታይም፣ ለፀጥታ ያሰጋል፣ ይነሳ፣ አይነሳ... ክርክሩ እዚያ ላይ ቀርቷል። ስለ መብራቱ የሚናገር የለም። ለእኔ ግን ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚታየኝ። ጥቁር መስኮት የሚደብቀው ተሳፋሪውን ነው። ጥቁር መብራት የሚደብቀው የሾፌሩን እግር ነው፤ ፍሬን መርገጡን።

ጉዳዩን እንዳነሳ ያደረገኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። በሰው መኪና የሜትር ታክሲ ይሠራል። ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያስገባል፣ የተረፈው የእሱ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት፣ ካፊያ እየጣለ፣ ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ ሲሄድ ከፊቱ የነበረው መኪና ቀጥ ብሎ ቆመ። እግረኛ ገብቶበት ነው፤ መቆሙ ትክክል ነው። ወንድሜ ፍሬን ሲይዝ ግን ረፍዶ ነበር። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የወንድሜ መኪና ኮፈኑ ታጥፎ፣ ራዲያተሩ ፈንድቶ እዚያው ቀረ።

ትራፊክ ፖሊሱ መጣ፣ ፕላን አነሳ።

«ለምን ርቀትህን አልጠበቅህም?»

«ሲያቆም መብራቱን አላየሁትም፣ ጌታዬ።»

«ያላየኸውማ ስላላየህ ነው!»

በቃ። ከዚያ በኋላ የተጠየቀ ነገር የለም። ከኋላ የመታ ጥፋተኛ ነው፤ ይህን መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው እንኳ ያውቀዋል። የተገጨውን መኪና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሸፈነው። የራሱን የሚሸፍን ዋስትና ግን መኪናው አልነበረውም። ወንድሜ አራት ወር ያህል ለጥገናው ዕዳ ሠራ። አራት ወር ማለት ለሁለት ልጆች አባት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

በማግስቱ መኪኖቹ ወደቆሙበት ግቢ አብሬው ሄጄ ነበር። የፊተኛው መኪና ጥቁር ነው፤ የኋላ መብራቶቹ ሁለቱም ስሞክ ናቸው። በኋላ መስታወቱ ላይ ያለችው ሦስተኛዋ የፍሬን መብራት ሳትቀር ፊልም ለብሳለች። ባለቤቱ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሲያዩት የሚወደድ። «እስቲ ፍሬን ያዝልኝ» ብለው ሳያንገራግር ገብቶ ረገጠ። ከግንቡ ጥላ ሥር ሆኜ ሳይ በጥቁሩ ውስጥ ደብዘዝ ያለ ቀይ ነገር ብልጭ አለ። ልጁ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ይኸው ይሠራል እኮ!» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ይሠራል። አምፖሉ ይበራል። ጥያቄው ከውስጥ መብራቱ አይደለም፤ ከውጭ መታየቱ ነው።

ወንድሜ ንጹሕ ነበር ልላችሁ አይደለም። ተጠግቶ ይነዳ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ርቀት ጠብቃችሁ ብትነዱ በመካከል ሚኒባስ ይገባበታል፤ ሁላችንም ተጠግተን ነው የምንነዳው። ተጠግተን መንዳት የቻልነው ግን በአንድ ምክንያት ነው፦ የፊተኛው ፍሬን ሲይዝ ቀይ መብራቱ ወዲያው ይነግረናል ብለን ስለምናምን። ያ ሲጠፋ ጥፋቱን ሁሉ በኋለኛው ጫንቃ ላይ መጫን ፍርድ አይመስለኝም።

አሁን ስለ መብራቱ ራሱ ትንሽ ላውራ፤ ምክንያቱም ስሞክ የሚያስደርጉት ልጆች ክፉዎች አይደሉም፣ ነገሩን እንደ ቀለም ነው የሚያዩት።

የኋላ ቀይ መብራት ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚናገረው። አንደኛው «እዚህ አለሁ» ነው፤ መሸት ሲል ከፊት መብራቱ ጋር አብሮ የሚበራው። ሁለተኛው «እያቆምኩ ነው» ነው፤ ብዙዎቻችን «ስቶፕ» የምንለው። ሁለቱም በአንድ ቀለም፣ በቀይ ይናገራሉ። የሚለያቸው ድምቀት ብቻ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ያለውን ተራ አምፖል አውጥታችሁ ብታዩ ውስጡ ሁለት ክር አለው፤ አንዱ 5 ዋት፣ ሌላው 21 ዋት። ፍሬን ስትረግጡ 21 ዋቱ ይነሳል። የኋለኛው ሾፌር «አለ» እና «ቆመ» የሚለውን የሚለየው በዚህች ልዩነት ነው።

ብዙ የዓለም አምራቾች የሚከተሉት በተባበሩት መንግሥታት ሥር የወጣ የመብራት ደንብ፣ የኋላ መብራት ቢያንስ 4 ካንዴላ፣ የፍሬን መብራት ቢያንስ 60 ካንዴላ እንዲሆን ያዛል። አንድ ካንዴላ በግምት የአንድ ሻማ ብርሃን ነው። አስቡት እስቲ። በጨለማ መንገድ ላይ በእናንተና ከኋላ በሚመጣው ከባድ መኪና መካከል በሕግ የተጠየቀው አራት ሻማ ነው። ፋብሪካዎች እርግጥ ከዝቅተኛው አሳልፈው ነው የሚሠሩት። ግን ያቺን ትርፍ እኛ አገር ፀሐዩ፣ አቧራውና ዕድሜው ቀድመው በልተዋታል። ሃያ ዓመት ፀሐይ የመታው ፕላስቲክ ላይ ግማሽ ብርሃን የሚያስቀር ፊልም ስትለጥፉ ከአራቱ ሻማ ስንት ይቀራል?

አንድ ብልህ አንባቢ «ሁለቱም እኩል ነው የሚቀንሱት፤ ስለዚህ በ‹አለሁ› እና በ‹ቆምኩ› መካከል ያለው ልዩነት እንዳለ ነው» ሊለኝ ይችላል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ቢሆን ልክ ነበር። መንገድ ላይ ግን ፊልሙ የሚያደበዝዘው ያንን አንድ መኪና ብቻ ነው። ከፊት የሚመጣው ረጅም መብራት አይደበዝዝም። በረጠበው አስፋልት ላይ የሚያብረቀርቀው ሁሉ አይደበዝዝም። ከጎኑ ያለው መኪና ቀይ መብራት አይደበዝዝም። ስለዚህ ስሞክ ያለው መኪና ፍሬን ሲይዝ ጎረቤቱ ሳይረግጥ የሚያበራውን ሊመስል ይችላል። «እያቆምኩ ነው» ያለው ሰው «አለሁ» ተብሎ ተሰማ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሌሊቱ እንኳ አይደለም፤ ቀኑ ነው። ከሰዓት በኋላ ዘቅዘቅ ያለች ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና የፊተኛውን መኪና ስትመታው፣ ፊልም የሌለው የፍሬን መብራት እንኳ በጭንቅ ነው የሚለየው። ጥቁሩ ላይ ምንም የለም። ሰማዩን የሚያንጸባርቅ ጥቁር መስታወት ብቻ ነው የምታዩት። በቀን ስለ መብራት የሚያስብ ሰው ስለሌለ ይህ አደጋ ማንም ሳያየው ያልፋል።

ሲመሽ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ዓይናችን ራሱ። ግቢያችሁ ውስጥ ቀይ ጽጌረዳ ካለ ጀምበር ስትጠልቅ ቆማችሁ እዩት። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ አበባው ቀድሞ ይጠቁራል። ፑርኪኔ የሚባል የቼክ ሳይንቲስት ይህን ያስተዋለው ከ200 ዓመት በፊት ነው። ጨለማ ሲበረታ የሰው ዓይን ቀድሞ የሚከዳው ቀይን ነው። መኪናውን ከፊታችን ሆኖ የሚጠብቀን ቀለም፣ ዓይናችን በምሽት የሚደክምበት ቀለም ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ጥቁር መጋረጃ እንጨምርበታለን።

ስለ አንጸባራቂው ደግሞ የሚያነሳ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በኋላ መብራቱ ውስጥ ወይም ከሥሩ፣ በጥቃቅን ማዕዘኖች የተከፋፈለች ቀይ ሰሌዳ አለች። አምፖል የላትም፣ ሽቦ አይገባባትም። የሌላ ሰው መብራት ሲያርፍባት ወደመጣበት ትመልሰዋለች። መኪናችሁ ባትሪ ጨርሶ፣ ሁሉም ጠፍቶ በጨለማ ቢቆም «እዚህ አለሁ» የምትልላችሁ እሷ ብቻ ናት። ፊልም ከለጠፋችሁባት ብርሃኑ ሲገባ አንዴ፣ ሲወጣ አንዴ፣ ሁለት ጊዜ ነው የሚቀረጠው። ግማሽ የሚያሳልፍ ፊልም ከሆነ የሚመለሰው ሩብ ነው። 30 በመቶ የሚያሳልፍ ከሆነ ከ100ው ውስጥ የሚመለሰው 9 ነው። በወረቀት ላይ «ቀለል ያለ ስሞክ» የሚባለው አንጸባራቂው ላይ ሲደርስ ጭለማ ነው።

ከአዲስ አበባ የወጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የመንገድ መብራት የሚባል ነገር ከከተማ ስትወጡ ያበቃል። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ፣ ከሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ፣ ከፊታችሁ ያለውን የምታውቁት በሁለት ቀይ ነጥብ ብቻ ነው። እነሱን ተከትላችሁ ነው ወደ ደብረ ሲና የምትወርዱት። ከፊታችሁ ያለው ነጥብ ከሌለው እናንተ ራሳችሁ ለኋለኛው ነጥብ እስክትሆኑ በጭፍን ትሄዳላችሁ።

የከባድ መኪና ሾፌሮቻችንን ብዙ ነገር እንላቸዋለን። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብለን ስም ያወጣን ሕዝብ ነን። ግን አይሱዙው ወይም ተሳቢው መንገድ ላይ ሲበላሽበት ሾፌሩ ከረዳቱ ጋር ወርዶ መጀመሪያ የሚያደርገውን አይታችኋል? ቅጠል ይቆርጣል። ከመኪናው ጀርባ ራቅ አድርጎ ቅርንጫፍ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ድንጋይ ይደረድራል። ሦስት ማዕዘን ምልክት የለውም፣ አንጸባራቂው ተሰብሯል፣ መብራቱ አይሠራም፤ ግን ከኋላ የሚመጣውን የማያውቀውን ሰው አስቦ በዝናብ ቅጠል ይቆርጣል። (ሲሄድ ድንጋዩን ሳያነሳ የሚሄደው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።) እና ይህ ሰው በሌለው አቅም የሚያደርገውን፣ ከተሜው ያለውን መብራት ከፍሎ ያስጠፋል።

የፍሬን መብራት ምን ያህል ነፍስ እንደሚያድን የተለካ ነገር ነው። ጆን ቮዬቮድስኪ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በሳን ፍራንሲስኮ ከ300 በላይ ታክሲዎች ላይ ፍጥነት መቀነሳቸውን የሚያሳይ አንዲት ተጨማሪ መብራት ከኋላ አስገጥሞ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተመ። መብራቷ ያላቸው ታክሲዎች ከኋላ የተገጩት ከሌሎቹ በ60 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ከዚያ የመጣ ሐሳብ አድጎ አሜሪካ ከ1986 ሞዴል ጀምሮ በቤት መኪኖች ላይ ሦስተኛዋን የፍሬን መብራት፣ ያቺን ከፍ ብላ መካከል ላይ ያለችውን፣ ግዴታ አደረገች። ዓመታት አልፈው፣ ሰው ሁሉ ለምዷት፣ አዲስነቷ ከጠፋ በኋላ የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሲለካው ከኋላ መጋጨትን በ4.3 በመቶ እንደምትቀንስ አገኘ። ትንሽ ይመስላል። ግን በአንዲት አምፖል ዋጋ ነው፤ በሚሊዮን መኪኖች ላይ ሲባዛ ደግሞ ብዙ ሰው ነው። እነሱ አንዲት መብራት ጨምረው ይህን አተረፉ። እኛ ያሉትን ሦስቱንም እንሸፍናለን።

ስሌቱን በራሳችን መንገድ እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ 100 የሚሄደው 28 ሜትር። የደበዘዘውን መብራት «በርቷል ወይስ አልበራም?» ብሎ ለመለየት ግማሽ ሰከንድ ብቻ ብታጠፉ፣ በፍጥነት መንገዱ ላይ 14 ሜትር ሄዳችኋል። ሦስት ቪትዝ ተደርድሮ ቦታ የሚተርፍበት ርቀት ነው። እግራችሁ ገና ፍሬን ላይ አላረፈም። መኪና ሠሪዎች ወደ ኤልኢዲ ሲዞሩ ከቆጠሯቸው ጥቅሞች አንዱ ተራው አምፖል ክሩ እስኪግል የሚያባክናትን 0.2 ሰከንድ ያህል ማዳን ነው። ለ0.2 ሰከንድ የሚጨነቅ መሐንዲስ የሠራውን መብራት ነው በፊልም የምንሸፍነው።

ከኋላ ያለው ደግሞ ሁልጊዜ ታክሲ አይደለም። ሞተር ሳይክልም አለ። ዕቃ የሚያደርሱት ልጆች ከመኪናው ጀርባ አንድ ክንድ ርቀው ነው የሚሄዱት። የእነሱ ኮፈን ደረታቸው ነው።

የእህቴ ልጅ መኪና ከገዛ ዓመት አልሞላውም። ቪትዝ ናት፤ ከእሱ ብዙም በዕድሜ አታንስም። «ጋሼ፣ መብራቷን ስሞክ ላስደርጋት ነው» ሲለኝ ይህን ሁሉ ነገርኩት። አዳምጦ ሲያበቃ ሦስት ነገር መለሰልኝ፤ ሦስቱም የብዙ ሰው መልስ ስለሆኑ ላንሳቸው።

«ፋብሪካውም እኮ ጥቁር አድርጎ የሚሠራው መኪና አለ» አለ። አለ። አዲስ የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ጠፍተው ሲታዩ ጀርባቸው ጥቁር ነው። ግን ፋብሪካው መጀመሪያ ጥቁሩን አስቦ፣ ውስጡን በዚያው ልክ አጠንክሮ፣ ከዚያ በመሣሪያ ለክቶ ነው የሚያወጣው። ሲበሩ ዓይን ይወጋሉ። የአንተዋ 21 ዋት አምፖል ግን ከላይዋ ምን እንደተለጠፈ አታውቅም፤ አትጠነክርልህም።

«ፕላስቲኩ ደብዝዟል፣ ተሰነጣጥቋል፤ አዲስ ከምገዛ ፊልሙ ይሸፍንልኛል» አለ። ይህ ከልቤ የገባኝ ነው። ሃያ ዓመት ያለፋት ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ የምትሸጥበት አገር ነው። ዕድሜ ልኩን ቆጥቦ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ ከዘመድ ተበድሮ የገዛት ልጅ የራሱ እንድትመስለው ቢፈልግ አልፈርድበትም። ወንበሯን ያልብሳት፣ ጎማዋን ያሳምራት፣ ሙዚቃዋን ይቀይር። የደበዘዘውንም ፕላስቲክ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና በማሳመሪያ ቅባት ሲፈትጉት ሌላ ሆኖ ይወጣል፤ ሶማሌ ተራ የሚያውቁበት ሞልተዋል። ማሳመር ከፈለገ ያ ነው ማሳመር።

«የራሴ መኪና ናት፣ በራሴ ገንዘብ» አለ በመጨረሻ። እዚህ ላይ ነው የማልስማማው። ከመኪናው አካል ሁሉ ባለቤቱ ሊያየው የማይችለው፣ ሲነዳ ምንም የማይጠቅመው አንድ ነገር ቢኖር የኋላ መብራቱ ነው። የፊቱ ለእሱ መንገድ ያሳየዋል። የኋላው የተሠራው ለሌላ ሰው ነው። ከፍሎ የገዛው እሱ ቢሆንም የሚያነበው ሌላ ነው፤ ልክ ደብዳቤ እንደሚጽፍ ሰው። እሱ ውስጡ ተቀምጦ የመስታወቱን ጥቁረት ይወዳል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ኋላ ያለው ነው። ሲገጭ ደግሞ መቀጮውም ጥፋተኛነቱም ለኋለኛው ይጻፋል። ሌላ ሰው የሚከፍለው ጌጥ ምን ይባላል?

የእህቴ ልጅ አላመነልኝም፤ «አስብበታለሁ» ነው ያለኝ።

አንዳንዶቻችሁ «መብራት ጨርሶ የሌለው አይሱዙ በሌሊት በሚሮጥበት አገር አንተ ስለ ፊልም ታወራለህ?» ልትሉ እንደምትችሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፤ አምፖሉ የተቃጠለ፣ ጭቃ የለበሰ፣ በቀይ ፕላስተር የተለጠፈ መብራት ከስሞክ ይበዛል። ግን የተቃጠለው አምፖል ባለቤቱ ከፍሎ አላቃጠለውም። ብዙውን ጊዜ መቃጠሉንም አያውቅም፤ ስትነግሩት «አመሰግናለሁ ወንድሜ» ብሎ ይቀይረዋል። ስሞኩን ስትነግሩት «ምን አገባህ» ይላችኋል። አንዱ ድህነትና ዝንጋታ ነው፣ ሌላው ምርጫ ነው። ምርጫን ደግሞ በአንድ ቀን ማስቆም ይቻላል።

ዓመታዊ ምርመራው ላይ ብዙ ተስፋ የለኝም። ቦሎ የሚለጠፈው በዓመት አንዴ ነው፣ በቀን ነው፣ ፊልሙ ደግሞ ጧት ተልጦ ማታ የሚመለስ ነገር ነው። ጀርመን ውስጥ የኋላ መብራቱን በፊልም ያጠቆረ መኪና መንገድ ላይ የመንቀሳቀስ ፈቃዱን ያጣል፤ ያ ማለት ከኢንሹራንስ ጋርም ያነካካል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሻጮች ራሳቸው «ለኤግዚቢሽን እንጂ ለመንገድ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይጽፉበታል። እኛ ጋ ሲደርስ ማስጠንቀቂያው የታለ? በጥቅልል መጥቶ በሜትር ይሸጣል።

የምጠይቀው ትልቅ ዘመቻ አይደለም። ፊልም እየላጠ ሕዝብ የሚያስጨንቅ ግብረ ኃይልም አልፈልግም፤ እሱ ለሌላ ነገር በር ይከፍታል። የምጠይቀው አደጋ ሲደርስ ብቻ፣ ፕላን የሚያነሳው ፖሊስ የፊተኛውን መኪና ፍሬን አስረግጦ ከኋላ ቆሞ እንዲያይ ነው። ሦስቱም መብራቶች ይታያሉ ወይስ አይታዩም? ፊልም ወይም ቀለም አለባቸው ወይስ የለባቸውም? አንድ ደቂቃ ነው፤ በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። ይህ በፕላኑ ላይ ቢጻፍ ጥፋቱን ማካፈል የሚቻልበት መረጃ ይኖራል። ኢንሹራንሶችም ይህን መጠየቅ ቢጀምሩ፣ «ስሞክ ያስደረገ ሰው ከኋላ ሲገጭ ካሣው ይቀነሳል» የሚል ወሬ ብቻ ከተማውን ከፖሊስ በላይ ያጸዳዋል። ኪስ የነካ ነገር ቶሎ ይሰማል።

የኤሌክትሪክ መኪኖቹ መብዛትም ነገሩን ያጣድፈዋል። ከእነሱ ብዙዎቹ እግር ከነዳጅ መስጫው፣ አሁን ነዳጅም የለ፣ ከመርገጫው ሲነሳ ራሳቸውን ይይዛሉ፤ ሾፌሩ ፍሬን ሳይነካ ፍጥነታቸው ይወርዳል። ለዚህም ነው በአውሮፓ በሚሠራበት ደንብ መኪናው በዚህ መንገድ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲቀንስ የፍሬን መብራቱ በራሱ እንዲበራ የተደረገው። የኋለኛው ሾፌር የሞተር ድምፅ አይሰማም፣ የመኪናው አፍንጫ ሲደፋ አያይም፤ ያለችው መብራቷ ብቻ ናት። እነሱም ላይ ስሞክ የለጠፈ ሰው አይቻለሁ። ፋብሪካው ያጠቆረው አልበቃው ብሎ!

ፕላን የምታነሱ የቻናሉ ተከታታዮች ካላችሁ፣ የፊተኛውን መኪና መብራት አይታችሁ የምታውቁ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስማችሁን አላወጣም፤ የምታደርጉት ካላችሁ ሌላውም እንዲያደርገው እናገራለሁ።

ፊልሙን ማንሳት የሚፈልግ ደግሞ ጋራዥ መሄድ አያስፈልገውም። በፀጉር ማድረቂያ፣ ካልሆነም በቀትር ፀሐይ እስኪለሰልስ አሙቁት፣ ከጥግ ያዙና በቀስታ ላጡት። የቀረውን ሙጫ በሳሙና ውሃና በአልኮል ጥረጉት። በቤንዚን አትንኩት፣ ፕላስቲኩን ያበላሸዋል። የተረጨ ቀለም ከሆነ ይለፋል፤ በውሃ እየራሰ በብርጭቆ ወረቀት ነው የሚወጣው፣ ከዚያ መወልወል አለበት። ስትጨርሱ አንድ ሰው ፍሬን አስረግጣችሁ ሃምሳ እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱና እዩት። በሌሊት አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ መብራቱን ስትመታው።